የሸክላ ክዳን፣ ቆርቆሮ ወይስ የሲሚንቶ ክዳን? በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ቤት ለሚሠሩ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በባሕር ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውን ጨርሶ ቶፕ ታይ ቢሙን፣ ማለትም የግድግዳውን አናት ዙሪያውን የሚያሥረውን ኮንክሪት፣ ካስሞላ በኋላ የሚገጥመው ትልቁ ጥያቄ የጣሪያ ክዳን ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ምርጫው የቆርቆሮ ውፍረት (ጌጅ) እና የቀለም ምርጫ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ባለ ቀለሙ ኢጋ ቆርቆሮ፣ ሸክላ እንዲመስል ሆኖ የተቀረጸው ባለ ጠጠር የብረት ክዳን፣ የሲሚንቶ ክዳንና እውነተኛው የሸክላ ክዳን በአንድ ረድፍ ለምርጫ ይቀርባሉ። ሻጮች ስለ ቀለሙና ስለ ዕድሜው አብዝተው ይናገራሉ፤ ክዳኑ የሚያርፍበት ወራጅ፣ ግድግዳና መሠረት ግን እምብዛም አይነሣም። በዚህ ጽሑፍ እይታ ምርጫውን የሚወስነው ከክዳኑ በላይ ከክዳኑ በታች ያለው ነገር ስለሆነ፣ መመዘኛዎቹ በቅድሚያ ተቀምጠው አማራጮቹ በእነርሱ ይመዘናሉ። የንግድ ስም አልተጠቀሰም፤ «ኢጋ» የሚለውም ሰው ሁሉ ባለ ቀለሙን ባለ ማዕዘን ሞገድ ቆርቆሮ በሚጠራበት ትርጉም ብቻ የገባ ነው።

ስሌቱ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የምሳሌ ቤት እንያዝ። ቤቱ 8 በ10 ሜትር ነው፤ ክዳኑ በዙሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጣሪያው ሁለት ክንፍ አለው፤ ተዳፋቱም 25 ዲግሪ ነው። የዚህ ጣሪያ ስፋት ወደ 114 ካሬ ሜትር ይደርሳል።

ክብደትና ተሸካሚ

የመጀመሪያውና የሌሎቹን ሁሉ በር የሚከፍተው ወይም የሚዘጋው መመዘኛ ክብደት ነው። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ ማለትም ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ሞገዱና መደራረቡ ተጨምሮ በካሬ ሜትር ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። እርስ በርሱ የሚቆላለፈው የሸክላ ክዳን ግን በካሬ ሜትር ከ40 እስከ 45 ኪሎ ነው። በምሳሌው ቤት ላይ ሲሰላ፣ ቆርቆሮው ከ5 ኩንታል ያነሰ ሲሆን ሸክላው ወደ 51 ኩንታል ሊደርስ ይችላል። ሸክላ በተፈጥሮው ውኃ ስለሚመጥ፣ ከክብደቱ 10 በመቶ ውኃ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ በሐምሌ አጋማሽ ላይ ሌላ 5 ኩንታል ይጨምራል። ይህ ጭነት ለአንድ ቀን ተቀምጦ የሚነሣ አይደለም፤ ቤቱ እስካለ ድረስ ወራጁን፣ ግድግዳውንና መሠረቱን ሲጫን ይኖራል።

በባሕር ዳር ይህ ነገር ከሌላው ከተማ የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያት አለው። ከተማዋ ካረፈችበት ሜዳ አብዛኛው ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በሐይቁ አቅራቢያ ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ቅርብ ነው። ጥልቀቱ ያልበቃ ወይም መረሬው ተጠርጎ በተመረጠ አፈር ያልተተካበት መሠረት በቀላል ጣሪያ ሥር እንኳ ግድግዳ ሲያሰነጥቅ ይታያል። ከላዩ 50 ኩንታል ሲጨመርበት፣ የመሠረቱ አንዱ ጥግ ከሌላው የበለጠ በሰመጠ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል፤ የክዳኑ መስመርም ይዛነፋል። የሸክላ ክዳን የተዛነፈ ጣሪያን አይታገሥም፤ ፍሬዎቹ እርስ በርስ የሚቆላለፉበት ጎድጎድ ሲላቀቅ ውኃው መንገድ ያገኛል።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። በዘንዘልማም ሆነ በመሸንቲ አቅጣጫ እንደሚታዩት በባሕር ዛፍ ቋሚና በጭቃ የተሠራ ቤት የሸክላም የሲሚንቶም ክዳን መሸከም የለበትም፤ ዋጋው በነጻ ቢሆን እንኳ። የብሎኬት ቤት የሚችለው የኮንክሪት ምሰሶና ዙሪያውን ያሠረ ቶፕ ታይ ቢም ካለው፣ ንድፉም ከመጀመሪያው ለከባድ ክዳን የተሰላ ከሆነ ነው። ቀድሞ ለቆርቆሮ ታስቦ የተሠራ ቤት ላይ ክዳን የመቀየር ሐሳብ ያለው ሰው፣ ለክዳን ሻጭ ከመደወሉ በፊት መሐንዲስ አምጥቶ መሠረቱንና ቢሙን ማሳየት ይኖርበታል። የምሕንድስናው ክፍያ ከሚያድነው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ዝናብና ተዳፋት

ባሕር ዳር በዓመት በአማካይ ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ነፋስ ስለሚቀድመው በቀጥታ አይወርድም፤ በጎን እየተገፋ ወደ መጋጠሚያዎች ይገባል። ስለዚህ ክዳን ሻጭ የሚነግረውን ዝቅተኛ ተዳፋት እንደ መነሻ እንጂ እንደ ዒላማ መያዝ አይገባም። የቆርቆሮ ክዳን ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ውኃን በደኅና ያወርዳል። ባለ ጠጠሩ የብረት ክዳን 15 ዲግሪ፣ የሲሚንቶው 20 ዲግሪ ያህል ይሻል። ለሸክላ፣ በዚህ አካባቢ ዝናብ፣ 25 ዲግሪ ከዚያም በላይ እንዲሆን ይመከራል፤ ከሥሩም ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ መዘርጋት አለበት።

ተዳፋት ደግሞ ገንዘብ ነው። በምሳሌው ቤት 10 ዲግሪ ማለት የጣሪያው አናት ከክዳኑ የታችኛው ጠርዝ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ሲሆን፣ 25 ዲግሪ ግን ከ2 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። እንጨቱ ይረዝማል፣ የጎን ግድግዳው ሦስት ማዕዘን በብሎኬት ይሞላል፣ የክዳኑም ስፋት ይጨምራል። ሸክላን በካሬ ዋጋው ብቻ ከቆርቆሮ ጋር ያነጻጸረ ሰው ይህን ሁሉ በሒሳቡ ውስጥ አላስገባም።

የጣሪያው ቅርጽም እኩል ያሳስባል። በከተማችን ቪላዎች ላይ የተለመደው፣ ክንፍ በክንፍ ላይ የሚወጣበትና ሁለት ተዳፋቶች በሸለቆ የሚገናኙበት ቅርጽ ለዓይን ያማረ ቢሆንም የፍሳሽ ሁሉ መነሻ ሸለቆው ነው። ቆርቆሮ በመቀስ ይቆረጣል፤ ሸክላ ግን እያንዳንዱ ፍሬ በግራይንደር መቆረጥ አለበት፤ የተቆረጠውም ፍሬ የሚያስርበት ጆሮ ስለማይኖረው በሽቦ ይያዛል። ሸክላን የመረጠ ሰው ንድፉን ወደ ሁለት ክንፍ ወይም ቢበዛ ወደ ቀላል አራት ክንፍ ቢያወርደው ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ሙቀት፣ ድምፅና ዝገት

ሸክላ በእውነት የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ወቅት የቀን ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ያለ ኮርኒስ የተተወ የቆርቆሮ ቤት ከቀትር በኋላ ለመቀመጥ አይመችም። ሸክላ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ያስተላልፋል፣ በፍሬዎቹ ሥርም አየር ይዘዋወራል። የክረምቱ ዝናብ ሲወርድበት የሚሰማው ድምፅም የቆርቆሮውን ያህል ንግግር የሚያቋርጥ አይደለም። ቆርቆሮ ሌሊት በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ከሥሩ ጤዛ ይይዛል፤ ከአቡጀዲ የተሠራ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ እየሠራ የሚታየው እርጥበት ሁልጊዜ ፍሳሽ አይደለም፣ አንዳንዴ ይኸው ጤዛ ነው።

ሆኖም ይህን ልዩነት በሌላ መንገድ ማጥበብ ይቻላል። ጥሩ ኮርኒስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ቀዳዳ፣ እንዲሁም ነጣ ያለ ቀለም ያለው ቆርቆሮ አብዛኛውን የሙቀት ችግር ያቃልላሉ። ጥቁር ቀይ ወይም ጥቁር ግራጫ ቀለም የሚመርጥ ሰው ፀሐዩን ራሱ እየጠራ መሆኑን ቢያስብበት ይሻላል።

ስለ ዝገት አንድ የተሳሳተ አመለካከት ማረም ያስፈልጋል። «ሐይቅ አጠገብ ቆርቆሮ ቶሎ ይበላል» የሚለው ንግግር በጣና ዙሪያ በብዛት ይሰማል። ጣና ጨዋማ ሐይቅ አይደለም፤ እንደ ባሕር ዳርቻ ነፋስ ጨው ተሸክሞ ብረት የሚበላበት ሁኔታ እዚህ የለም። ቆርቆሮን የሚበላው የዚንክ ቅቡ ስስ መሆኑ፣ በተቆረጠበት ጠርዝና በምስማሩ ቀዳዳ ዙሪያ ቅቡ መነሣቱ፣ በሸለቆና በአሸንዳ ውስጥ ተከማችቶ የሚበሰብስ የዘምባባና የጃካራንዳ ቅጠል፣ እንዲሁም ግንበኛ ሲለስን የረጨው ሲሚንቶ ነው። እነዚህ ሁሉ በእጅ የሚከለከሉ ናቸው።

የባለሙያ እጅና ጥገና

ቆርቆሮ የሚመታ አናጢ በየሰፈሩ ይገኛል። ሸክላ የሚያነጥፍ ግን ጥቂት ነው፤ የሥራው ጥራትም ከክዳኑ በፊት በእንጨቱ ላይ ይታያል። ለቆርቆሮ ማገሩ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ ቢመታ ይበቃል፣ እንጨቱ ትንሽ ቢጣመምም ቆርቆሮው ይለጠጥለታል። ለሸክላ ማገሩ እንደ ፍሬው ርዝመት ከ31 እስከ 36 ሴንቲ ሜትር ባለ ርቀት፣ በአንድ ልክ፣ ቀጥ ብሎ መመታት አለበት። እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና እየደረቀ ሲሄድ ስለሚጠማዘዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የደረቀ፣ በመጋዝ የተሰነጠቀ ሞራሌ ወይም የብረት ቱቦ ያስፈልጋል። ምስጥም በዚህ አካባቢ የሚናቅ ጠላት ስላልሆነ እንጨቱ ከመውጣቱ በፊት መድኃኒት መቀባት ይኖርበታል፤ 50 ኩንታል የተሸከመ ወራጅ በምስጥ ከተበላ በኋላ የሚደረግ ጥገና ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ማውረድን ይጠይቃል።

በጥገና በኩል ሸክላ አንድ ጥሩ ባሕርይ አለው፤ የተሰበረው ፍሬ ብቻ ተነሥቶ በሌላ ይተካል። ችግሩ ተመሳሳዩን ማግኘት ነው። የመቆለፊያው ቅርጽ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ከሌላ ቦታ የመጣ ፍሬ አይገጥምም። ለምሳሌው ቤት በካሬ 14 ፍሬ ገደማ ሲታሰብ ወደ 1,600 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ላይ ለስብራትና ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ተጨምሮ መግዛት፣ የተረፈውንም በጥላ ሥር ማስቀመጥ ግድ ነው። የሸክላ ጣሪያ ትልቁ ጠላት ደግሞ በረዶ አይደለም፣ ዲሽ ለመትከል የሚወጣው ወጣት ነው። ሸክላ ላይ የሚሄድ ሰው በፍሬው የታችኛው ጠርዝ፣ ከሥሩ ማገር ባለበት ቦታ መርገጥ አለበት፤ ይህን የማያውቅ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አምስት ስድስት ፍሬ ሰብሮ ይወርዳል። ዲሹንም ሆነ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያውን ግድግዳ ላይ ወይም በተለየ ማማ ላይ ማድረግ የተሻለ ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

ባለ 35 እና ባለ 32 ጌጅ ቀጭን ቆርቆሮ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ መልካም ጎኑም በዚያ ያበቃል። በረዶ ይጎደጉደዋል፣ ከሰኔ በፊት የሚነሣው ነፋስ ጠርዙን ይዞ ይነቅለዋል፣ ቅቡም ስስ ነው። ለማድቤት፣ ለአጥርና ለጊዜያዊ መጋዘን ይበቃል።

ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ ባለ ቀለሙ ኢጋ ጭምር፣ ለአብዛኛው የባሕር ዳር ቤት ሚዛናዊው ምርጫ ነው። ገዢው ማረጋገጥ ያለበት ጌጁ በወረቀት ላይ የተጻፈው መሆኑን ነው፤ አንዱን ቅጠል በመለኪያ አስለክቶ ወይም ርዝመቱና ክብደቱ ተነጻጽሮ ይታወቃል። በምስማር ፋንታ ባለ ላስቲክ ብሎን መጠቀም፣ ብሎኑንም በሞገዱ አናት ላይ ማሰር የቤቱን ዕድሜ ያራዝማል።

ባለ ጠጠሩ የብረት ክዳን በካሬ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን የሸክላን መልክ ለቀላል ግድግዳ ያመጣል። ጠጠሩ የዝናቡን ድምፅ ያለዝባል። ዋጋው ግን ከተራው ቆርቆሮ በብዙ ይበልጣል፤ በርካሽ የተሠራው ዓይነት ከጥቂት ክረምት በኋላ ጠጠሩን ወደ አሸንዳ ያራግፋል። ናሙናውን በጥፍርና በቁልፍ ፍቆ መሞከር ጥሩ ነው።

የሲሚንቶ ክዳን በእኔ ግምት ከሁሉም ለመምከር የሚያስቸግረው ነው። ክብደቱ ከሸክላው እኩል ወይም የሚበልጥ ሲሆን ቀለሙ ግን ላዩ ላይ ስለሆነ በፀሐይ ይደበዝዛል። ሸክላ ቀለሙን ከአፈሩና ከእሳቱ ስላገኘ አይደበዝዝም። ቤቱ ከባድ ክዳን የሚችል ከሆነ ተጨማሪውን ከፍሎ ሸክላ ማድረግ ይሻላል፤ የማይችል ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶውም አይሆንም።

የሸክላ ክዳን በደንብ ከተተኮሰና በደንብ ከተነጠፈ ከ50 ዓመት በላይ ይኖራል። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ባለ መቆለፊያ ቅርጽ በ1841 በፈረንሳይ አልዛስ በጊላርዶኒ ወንድማማቾች የተፈለሰፈ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጠፍጣፋ ሸክላ በብዙ መደራረብ የሚነጠፍ ስለነበር ይበልጥ ይከብድ ነበር። ጥራቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከተለያዩ ቁልሎች ጥቂት ፍሬዎች ተመርጠው በብረት ሲነኩ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅን ወይም ያልበሰለ ልብን ይጠቁማል። ደረቁን መዝኖ 24 ሰዓት ውኃ ውስጥ አስቀምጦ እንደገና መመዘን ነው፤ ክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ከጨመረ ጭነቱን አለመቀበል ይገባል። ደረጃውን ጠብቆ የተተኮሰ ክዳን ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋ እሳት ያየ ነው፤ በሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት የሚተኮሰው የአገራችን ጀበናና ምጣድ ያን ያህል ሙቀት ስለማያገኝ፣ በዚያ መንገድ ክዳን ለማሠራት ማሰብ አያዋጣም።

ማጓጓዣው ሌላ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ጭነቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ላይ እያንገጫገጨ ያልፋል። ፍሬዎቹ በጎናቸው ቆመው፣ በመካከላቸው ጭድ ተደርጎ ካልተጫኑ ስብራቱ ከተጠባባቂው በላይ ይሆናል። በውሉ ላይ ስብራት የሚቆጠረው ከመኪና ወርዶ ግቢ ውስጥ ሲደርስ መሆኑ መጻፍ አለበት።

የሳር ክዳንን የሚያነሣ ሰውም አይጠፋም፤ በዘጌና በደሴቶቹ ካሉ አድባራት የተወረሰ ውበት አለው፣ ለሐይቅ ዳር ሎጅ ጎጆም ያምራል። ሰንበሌጡ 45 ዲግሪ ያህል ተዳፋት፣ በየጊዜው መታደስና ከእሳት መራቅ ይፈልጋል። ቤት ከቤት በተጠጋጋበት የከተማ ግቢ ውስጥ ግን ከምርጫው ወጥቶ ይቀመጥ።

| ክዳን | ክብደት በካሬ ሜትር | በ114 ካሬ ጣሪያ ላይ | የሚመከር ዝቅተኛ ተዳፋት | ሙቀትና ድምፅ | ባለሙያ የማግኘት ቀላልነት | ጠቅላላ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቆርቆሮ፣ 32–35 ጌጅ | 2–2.5 ኪሎ | 2–3 ኩንታል | 10 ዲግሪ | ደካማ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ |
| ቆርቆሮ/ኢጋ፣ 28 ጌጅ | 4 ኪሎ ገደማ | 4.6 ኩንታል | 10 ዲግሪ | በኮርኒስ ደኅና | በጣም ቀላል | መካከለኛ |
| ባለ ጠጠር የብረት ክዳን | 6–7 ኪሎ | 7–8 ኩንታል | 15 ዲግሪ | ደኅና | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የሲሚንቶ ክዳን | 45–50 ኪሎ | 51–57 ኩንታል | 20 ዲግሪ | ጥሩ | አስቸጋሪ | ከፍተኛ |
| የሸክላ ክዳን | 40–45 ኪሎ | 46–51 ኩንታል | 25 ዲግሪ | በጣም ጥሩ | አስቸጋሪ | ከሁሉም ከፍተኛ |

በሠንጠረዡ ላይ የብር ዋጋ ያልገባው ሆን ተብሎ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ጥቅልል ብረት የሚሠራ ዕቃ ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም፤ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ከወራት በኋላ ገዢውን ያሳስታል። የሚበጀው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ነው። ፕሮፎርማውም ክዳኑን ብቻ ሳይሆን እንጨቱን ወይም ብረቱን፣ ኮልሞውን (የጣሪያውን አናት የሚሸፍነውን)፣ አሸንዳውን፣ ከሥር የሚዘረጋውን ንጣፍ፣ ማጓጓዣውንና የእጅ ዋጋውን አካትቶ በአንድ ድምር ይነጻጸር። ለቆርቆሮው የኮርኒሱ ወጪ ይደመርበት፤ አለዚያ ንጽጽሩ ለቆርቆሮው ያደላል።

ለማን የትኛው

የጭቃ ቤት ላለው ወይም ገንዘቡ እጅግ ለተወሰነ ሰው ባለ 28 ጌጅ ተራ ቆርቆሮ ይመከራል። በጀቱ ካልደረሰ ክፍሎቹን በሁለት ዙር መክደን ቀጭኑን ገዝቶ ቶሎ ከመቀየር ይሻላል። የሚያከራይ ቤት የሚሠራ ሰውም ከዚሁ ባይወጣ መልካም ነው፤ ተከራይ የሚያየው ክፍሉንና ውኃውን እንጂ ክዳኑን አይደለም።

የብሎኬት ቪላ ሠርቶ የሸክላ መልክ የሚወድ፣ ነገር ግን መሠረቱ በመረሬ ላይ ያረፈና ለከባድ ጭነት ያልተሰላ ከሆነ፣ ባለ ጠጠሩ የብረት ክዳን ለእርሱ የቀረበ ነው። የክረምት ውኃ በበርሜልና በታንከር ለመሰብሰብ የሚያስብ ሰውም ለስላሳውን ቆርቆሮ ይምረጥ። በ100 ካሬ የወለል ስፋት ላይ የሚወርደው 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዓመት 140,000 ሊትር ነው፤ ከቆርቆሮ ላይ የሚባክነው ከሸክላ ከሚመጠጠው ያነሰ ነው።

ሸክላ የሚገባው ንድፉን ገና ላላስጀመረ፣ በኮንክሪት ምሰሶ ለሚሠራ፣ ቤቱን ለልጆቹ ሊያወርስ ላሰበና አሁን የሚያወጣውን ከፍተኛ ወጪ ለመቻል ለተዘጋጀ ሰው ነው። ለሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያና ለቢሮም ይስማማል። እንዲህ ያለው ሰው መሐንዲሱ የጣሪያውን ክብደት በእርጥብ ሁኔታው እንዲያሰላ፣ የክዳኑንም ዓይነትና ቀለም የግንባታ ፈቃድ በሚያገኝበት ፕላን ላይ እንዲያሰፍር ያድርግ። ከግቢው ትልቅ ዘምባባ ካለ ደግሞ ወደ ጣሪያው ያዘነበለው ቅርንጫፍ አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ደርቆ የሚወድቀው ዝንጣፊ ፍሬ ይሰብራል።

ሥራው በጥቅምት ተጀምሮ ከግንቦት አጋማሽ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። በሚነጠፍበት ጊዜ ፍሬዎቹ በሁለቱም ክንፎች ላይ እኩል ተከፋፍለው ይደርደሩ፤ አንዱን ክንፍ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ወራጁን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። የዳርቻው ረድፍና ኮልሞው ክብደታቸውን ብቻ ተማምኖ መተው የለባቸውም፣ በምስማር ወይም በማይዝግ ሽቦ ይታሰሩ። ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊትም በውኃ ጎማ ከኮልሞው ጀምሮ ወደ ታች እያጠጡ አንድ ሰው ከውስጥ በባትሪ ይመልከት፤ የመጨረሻው የእጅ ዋጋ ክፍያም ከዚህ ፍተሻ በኋላ ይፈጸም።